ደንቡን ፍራንክፈርት ጻፍኩት፦ በቤት ራውተር ላይ የአድራሻ ቅየራ ያዋቀርኩበት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዚህ ሥራ ዓላማ አንድ ነው። አዲስ አበባ ባለው የቤተሰባችን ቤት፣ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያከማቸሁትን የአባታችንን የፎቶግራፍ ስብስብ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በስልኳ ከፍታ እንድታይ እፈልጋለሁ። ፎቶግራፎቹን ስካን አድርጌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው መንገዱን መክፈት ነው። መንገዱ የሚከፈተው ደግሞ በራውተሩ የአድራሻ ቅየራ ደንብ፣ ማለትም የሚያልፈውን መልእክት የላኪ ወይም የመዳረሻ አድራሻ በሌላ እንዲተካ በሚያዘው ትእዛዝ ነው። ባለሙያዎች ይህን ነገር «ናት» ብለው በአጭሩ ይጠሩታል፤ እንዳለ ብጽፈው ግን ከራሳችን «ናት» ጋር እየተምታታ አንባቢን ስለሚያደናግር፣ እኔ የአድራሻ ቅየራ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ያሉኝ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ የኢንተርኔት አቅራቢው ግድግዳ ላይ የሰቀለልን የፋይበር መቀበያ ሣጥን፣ ከእርሱ ጋር በኬብል የተያያዘ፣ እኔ የገዛሁት ባለ 5 መሰኪያ ማይክሮቲክ ራውተር፣ ፎቶግራፎቹ ያሉባት ኮምፒውተር፣ እና የበሩን ካሜራ የሚቀዳው ሣጥን። ኮምፒውተሯ 192.168.88.10፣ የካሜራው ሣጥን 192.168.88.20 የሚል አድራሻ በቋሚነት ተሰጥቷቸዋል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ስምምነት መሠረት ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ከተተዉት ሦስት ክልሎች የአንዱ ናቸው፤ የጎረቤታችንም ቤት፣ የእህቴም ቤት ይኸው ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል በኢንተርኔት አደባባይ ላይ ማንም አያውቃቸውም።

ከቤት የሚወጣው መንገድ ያለ ምንም ድካም ይሠራል። ስልኬ ከ192.168.88.15፣ ከፖርት 51334 (ፖርት በአንድ አድራሻ ላይ ያለ የበር ቁጥር ነው) ተነሥቶ አንድ ድረ ገጽ ሲጠይቅ፣ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ የውጭ አድራሻ ይተካና የቀየረውን በግንኙነት ሠንጠረዡ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለስልኬ ይመልሳል። ይህን የሚያደርገው ማይክሮቲክ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ የሚመጣው፣ «ማስከሬድ» የሚባለው ደንብ ነው። ቋሚ የውጭ አድራሻ ላለው ሰው አዲሱን አድራሻ በቁጥር የሚጠቅስ ሌላ ዓይነት ደንብ አለ፤ ማስከሬድ ግን በዚያች ሰዓት በውጪው መሰኪያ ላይ ያለውን አድራሻ ራሱ አንብቦ ይጠቀማል፣ አድራሻው ሲለወጥም የቆዩትን መዝገቦች ያጠፋል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት የሚሻለው ይህኛው ስለሆነ አልነካሁትም።

ዛሬ ያደረግሁት ነገር ቢኖር መንገዱን መቁጠር ነው። ከስልኬ ወደ ውጭ የሚሄደው ፓኬት፣ ማለትም የመልእክት ቁራጭ፣ መጀመሪያ 192.168.88.1ን፣ ቀጥሎ የፋይበር ሣጥኑን 192.168.1.1ን፣ ሦስተኛ በ100.72 የሚጀምር አድራሻ ያለውን መሣሪያ ያልፋል። ሦስተኛውን ቁጥር በደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ልብ ግን አላልኩትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሁለት ራውተር በተርታ መኖሩ ማለት አድራሻው ሁለት ጊዜ ይቀየራል ማለት ነው። የተሻለው መፍትሔ የፋይበሩን ሣጥን ዝም ብሎ አሳላፊ ማድረግ፣ በተለምዶ «ብሪጅ» የሚባለውን፣ ነበር፤ ነገር ግን በሣጥኑ ጀርባ በተለጠፈው የይለፍ ቃል ስገባ ያ ገጽ ለደንበኛ አይታይም። በምትኩ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ለአንድ መሣሪያ የሚያስረክበውን ቅንብር አገኘሁና የማይክሮቲኩን የውጭ አድራሻ 192.168.1.2ን ጻፍኩበት። ይህ አድራሻ ነገ ለሌላ ዕቃ እንዳይሰጥ በዚያው ሣጥን ላይ አስቀድሜ አስይዤዋለሁ።

ከዚያ በማይክሮቲኩ ላይ የመዳረሻ ቅየራ ደንብ ጻፍኩ፦ ከውጪው መሰኪያ በቲሲፒ (ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት የመላላኪያ ስልት) ፖርት 8443 የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ፣ መዳረሻው 192.168.88.10፣ ፖርት 443 ይሁን። ደንቦች በምጽፍበት ጊዜ ሁሉ የማይክሮቲክ ማዋቀሪያ ፕሮግራም የሆነውን የዊንቦክስን «ሴፍ ሞድ» አብርቼ ነው የምሠራው፤ በስሕተቴ ራሴን ብዘጋ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ራውተሩ ያደረግሁትን ሁሉ ራሱ ይሽረዋል። ከዚህ በፊት ያለ እርሱ ሠርቼ ራውተሩን በመርፌ ጫፍ እየተጫንኩ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ የመለስኩባት ሌሊት ትበቃኛለች።

ፍተሻውን ከቤቱ ዋይፋይ ወጥቼ፣ በስልኬ የሞባይል ዳታ አደረግሁት። ገጹ አልተከፈተም። ከደንቡ ጎን ያለው ቆጣሪ ዜሮ ነው። እህቴም ሞክራ «ከዚህ አይከፍትም፤ ችግሩ አንተው ጋ ነው» አለችኝ። ቆጣሪው ዜሮ መሆኑ ጠቃሚ ምልክት ነው፤ ደንቡ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ፓኬቱ ራውተሩ ደርሶ ሲጣል በመሰኪያው ላይ ይታይ ነበር። በመሰኪያው ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚያሳየውን መሣሪያ ከፍቼ ለ10 ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ከስልኬ የመጣ አንድም ፓኬት የለም። ስለዚህ ጥያቄው ቤታችን አይደርስም።

ትናንት በደብተር ጽፌ የተውኩት ቁጥር ትዝ ያለኝ ይህን ጊዜ ነው። በፋይበሩ ሣጥን የሁኔታ ገጽ ላይ የተጻፈውን የውጭ አድራሻ አነበብኩ፤ እርሱም በ100.72 ይጀምራል። አድራሻን መልሶ የሚያሳይ ድረ ገጽ ስከፍት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ወጣ። በመንገድ ቆጠራ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሣጥኑ ራሱ የያዘውና ዓለም የሚያየው አድራሻ መለያየታቸው ግን ነገሩን ይዘጋዋል። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአገልግሎት አቅራቢዎች የጋራ ቅየራ ተብሎ የተለየ ነው። በአቅራቢው ቤት ሦስተኛ ቅየራ አለ፤ አንዱን የአደባባይ አድራሻም ብዙ ቤቶች እንጋራዋለን። በዚያ መሣሪያ ላይ ደንብ መጻፍ የምችለው እኔ አይደለሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ወደ አቅራቢው ቢሮ ሄጄ ለቤት ደንበኛ የራሱ የአደባባይ አድራሻ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅሁ። የተስተናገድኩት በትሕትና ነው፤ መልሱ አይሰጥም ነው። ብዙም አልተከራከርኩም። የአሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር (አይፒቪ4) አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ የዓለም አቀፉ ቋት የመጨረሻዎቹን አምስት ክምችቶች ለአህጉራት መዝጋቢዎች አከፋፍሎ ባዶ የቀረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው። ዘግይቶ ኢንተርኔት የገባለት አገር ከዚያ ክምችት የደረሰው ጥቂት ነው፤ የጋራ ቅየራውም የዚሁ ውጤት ነው።

የእሑዱን ደንብ አጠፋሁ፣ የፋይበሩንም ሣጥን ወደ ነበረበት መለስኩ። አዲሱ አሳብ ይህ ነው፦ ከውጭ ወደ ቤት መግባት ካልተቻለ፣ ቤቱ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ የአደባባይ አድራሻ ካለው ሰርቨር ጋር የማይቋረጥ መስመር ይዘርጋ፤ እንግዶችም በዚያ ሰርቨር በኩል ይግቡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ፍራንክፈርት ያለ ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ። «ተከራየሁ» ማለቴ፣ ከዚህ በዶላር መክፈል ስለማይመቸኝ በእህቴ ካርድ በወር 5 ዶላር እየተከፈለ ማለቴ ነው። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጫንኩበት፤ መግቢያውን በይለፍ ቃል ሳይሆን በምስጢር ቁልፍ ፋይል ብቻ አደረግሁት።

ለመስመሩ ዋየርጋርድን፣ በሁለት መሣሪያዎች መካከል የተመሰጠረ መስመር የሚዘረጋውን ፕሮግራም፣ መረጥኩ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ አካል ነው፤ ማይክሮቲክም በራውተሮቹ ሥርዓት በራውተርኦኤስ 7 ይዞታል። ሰርቨሩን 10.10.10.1፣ ራውተሩን 10.10.10.2 አልኳቸው። ሰርቨሩ በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ ሌላ የመላላኪያ ስልት) ፖርት 51820 ያዳምጣል፤ ራውተሩ ይደውላል። ግንኙነቱ ወዲያው ተመሠረተ፤ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ስል ግን ከፍራንክፈርት ወደ ቤት የሚላከው ነገር ሁሉ ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በመካከል ያሉት ቀያሪዎች ዝም ያለን የዩዲፒ ግንኙነት ከሠንጠረዣቸው ይሰርዙታል፤ ከተሰረዘ በኋላ ከውጭ የመጣው ለማን እንደሆነ አያውቁም። በራውተሩ በኩል በየ25 ሰከንዱ ባዶ ፓኬት እንዲላክ ሳደርግ መስመሩ ጸና።

አሁን የአድራሻ ቅየራው ወደ ሰርቨሩ ተዛወረ። በሰርቨሩ ላይ ሁለት ደንብ ጻፍኩ። የመጀመሪያው በፖርት 443 የገባውን ጥያቄ መዳረሻ ወደ 192.168.88.10 ይቀይራል። ሁለተኛው ወደ መስመሩ የሚገባውን የላኪ አድራሻ በ10.10.10.1 ይተካል፤ ይህም መልሱ በመጣበት እንዲመለስ ለማስገደድ ነው። የመጀመሪያው ደንብ ቆጣሪ ከፍ ከፍ ሲል እያየሁ ገጹ ግን አልከፈተም። ሰርቨሩ ለራሱ ያልሆነን ፓኬት እንዲያሳልፍ ያልፈቀድኩለት መሆኑን ለማግኘት ሦስት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቅየራውን አድርጎ በእጁ ይዞት ቆሞ ነበር። ፈቀድኩለት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በእህቴ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ገጹ በስልኳ ተከፈተ።

ለማስታወስ ያህል፦ የቅየራ ደንብ የሚታየው በአንድ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ላይ ብቻ ነው፤ የተቀሩት በሠንጠረዡ መሠረት ያልፋሉ። ስለዚህ ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ማሳየቱ ስሕተት አይደለም፤ ደንብ ቀይሮ ወዲያው የሚፈትን ሰው ደግሞ የቆየው ግንኙነት በአሮጌው ደንብ ሊቀጥልበት ስለሚችል መጀመሪያ መዝገቡን ማጥፋት አለበት። ይህን ረስቼ ሁለት ጊዜ ትክክለኛ ደንብ ደምስሻለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እህቴ ደወለች፤ የይለፍ ቃሏን ሳትሳሳት በሩ ተዘግቶባታል። የፎቶ አገልግሎቱን መዝገብ ስከፍት ከ03:12 ጀምሮ፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ጀምሮ ማለት ነው፣ የማይታወቁ ጠያቂዎች በመቶ የሚቆጠር የይለፍ ቃል ሞክረዋል። ይህ አላስገረመኝም፤ ለድረ ገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሲወጣ ስሙ ማንም በሚያነበው መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ደካማ በር የሚያስሱት ፈጥነው ይደርሱበታል። ያስቸገረው የላኪው አድራሻ ነው። ሁሉም፣ ሌባውም እህቴም፣ 10.10.10.1 ሆነው ተመዝግበዋል። አገልግሎቱ ደጋግሞ የተሳሳተውን አድራሻ ስለሚዘጋ፣ ሌባውን ሲዘጋ እህቴንም ዘጋት።

ጥፋቱ የእኔው ሁለተኛ ደንብ ነው። ለመንገድ ቀላልነት ብዬ የሰውን ማንነት አጥፍቻለሁ። ደንቡ መነሣት አለበት፤ ከተነሣ ግን መልሱ የሚመለስበትን መንገድ በቤቱ ራውተር ላይ በሌላ ዘዴ ማበጀት የግድ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የሦስት ምሽት ሥራ ነው፤ በአንድ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሁለተኛውን ደንብ እንዳጠፋሁ ጥያቄዎቹ ቤት መድረሳቸውን አቆሙ። ዋየርጋርድ ከሌላኛው ወገን የሚቀበለው በዝርዝር የተፈቀደለትን የላኪ አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ በራውተሩ ላይ የፈቀድኩት 10.10.10.0/24ን፣ ማለትም በ10.10.10 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ብቻ፣ ነበር፤ አሁን ግን ላኪው ከዓለም የትኛውም አድራሻ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን 0.0.0.0/0፣ ማለትም ማንኛውም አድራሻ፣ አደረግሁት። ራውተርኦኤስ ይህን ሲያይ በራሱ ጊዜ የቤቱን መንገድ ሁሉ ወደ መስመሩ አያዞርም፤ መንገድን ለብቻው ነው የሚያስጽፈው። እንዲህ ስከፍተው አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ከፋብሪካ የመጣው የፋየርዎል (የሚያልፈውን የሚፈቅድና የሚከለክል ማጣሪያ) ደንብ የሚከለክለው በውጪው መሰኪያ የሚገባውን ነው፤ የዋየርጋርዱ መስመር በዚያ ስም ስላልተመዘገበ አይመለከተውም። ስለዚህ ከመስመሩ ወደ 192.168.88.10፣ ፖርት 443 ብቻ ይለፍ፣ የቀረው ይጣል የሚሉ ሁለት ደንቦች ጨመርኩ። የአድራሻ ቅየራን እንደ አጥር የሚቆጥሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የተሠራው ግን አድራሻ ለመቆጠብ ነው፣ አጥሩ ፋየርዎሉ ነው።

ቀጥሎ የመልሱ መንገድ። ኮምፒውተሯ መልሷን ለእውነተኛው ጠያቂ አድርጋ ስትልክ፣ ራውተሩ መልሱን እንደ ማንኛውም ወጪ በፋይበሩ በኩል ሊልከው ይሞክራል፤ በዚያ ቢሄድ ደግሞ ጠያቂው ከማያውቀው አድራሻ የመጣ መልስ ስለሚሆንበት አይቀበለውም። ስለዚህ በመስመሩ የገባውን አዲስ ግንኙነት ሁሉ ምልክት እንዲያደርግበት፣ ከቤት የሚወጣውም ፓኬት የዚያ ግንኙነት ምልክት ካለበት በተለየ የመንገድ ሠንጠረዥ እንዲሄድ አደረግሁ። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ዋየርጋርድ።

ገጹ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ግማሽ በግማሽ ታዩ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ሁልጊዜ ይጀምራል፣ ሁልጊዜ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የፓኬት መጠን ነው፤ ዋየርጋርድ የራሱን ማሸጊያ ስለሚጨምር ከ1500 ባይት ውስጥ የሚያሳልፈው በተለምዶ 1420 ነው። ማክሰኞ ምሽቱን ሙሉ መጠኑን ወደ 1380፣ ከዚያም ወደ 1280 ዝቅ እያደረግሁ አሳለፍኩ፤ ምንም አልተለወጠም። መጠርጠሬ ትክክል ነበር፤ መጠኑ ሲቀንስ ነገሩ ቅንጣት ያህል አለመለወጡን አይቼ ቶሎ አለማቆሜ ነው ስሕተቱ።

እውነተኛው ምክንያት ከፋብሪካ የመጣ «ፋስትትራክ» የሚባል ደንብ ነው። ራውተሩ ሥራ እንዲቀልለት፣ አንድ ግንኙነት ከተመሠረተ በኋላ የሚቀጥሉትን ፓኬቶች በአቋራጭ ያሳልፋል፤ አቋራጩ ደግሞ ምልክት የሚደረግበትን ቦታ ይዘላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መልሶች ምልክታቸውን ይዘው በፍራንክፈርት ይሄዳሉ፣ የተቀሩት ምልክት አጥተው በፋይበሩ ይወጣሉ። ፋስትትራክን ምልክት በሌላቸው ግንኙነቶች ላይ ብቻ እንዲሠራ ወሰንኩት። አንድ መስመር ነው። ፎቶግራፎቹ ከዳር እስከ ዳር ወረዱ፤ በመዝገቡም ላይ የእህቴ እውነተኛ አድራሻ ወጣ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መጣ። ኢንተርኔቱ ተመለሰ፣ ዋየርጋርድ ግን አልተመለሰም። ቁልፎቹን አየሁ፣ አድራሻውን አየሁ፤ ሁሉም እንዳለ ነው። በመጨረሻ የራውተሩን ሰዓት ሳይ ከትክክለኛው ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ራውተር ሰዓት የሚጠብቅለት ባትሪ የለውም። ዋየርጋርድ ደግሞ አሮጌ መልእክት ተቀድቶ ዳግመኛ እንዳይላክበት በእያንዳንዱ መተዋወቂያ (መስመሩን በሚከፍተው ጥሪ) ላይ ጊዜውን ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ካየው የመጨረሻ ጊዜ ወደ ኋላ የሆነውን አይቀበልም። ራውተሩ ትናንት ላይ ቆሞ ስለሚጠራ ሰርቨሩ አይመልስለትም።

ሥራውን ስጀምር አያስፈልጉም ያልኳቸውን አገልግሎቶች ስዘጋ ሰዓት የሚያስተካክለውንም አብሬ ዘግቼው ነበር። ከፈትኩት፤ ጥያቄውም በፋይበሩ በኩል በቀጥታ እንደሚወጣ አረጋገጥኩ፤ በዋየርጋርድ በኩል ቢሆን ኖሮ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይኖሩ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ሁለት ትንንሽ ሥራዎች። ቤት ውስጥ ሆኖ ያንኑ የድረ ገጽ ስም የሚከፍት ሰው እስከ ዛሬ ፍራንክፈርት ሄዶ ይመለስ ነበር፤ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ በአጠገቧ ካለች ኮምፒውተር ፎቶ ለማየት ሁለት አህጉር ታቋርጣለች። በራውተሩ የስም መዝገብ ላይ ያ ስም ለቤት ሰው 192.168.88.10 እንዲሆን ጻፍኩ።

ሁለተኛው የካሜራው ሣጥን ነው። እህቴ «በሩንም ልየው» ብላኛለች። ለእርሱ የቅየራ ደንብ አልጽፍም ብያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ነባሪ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን እየወረረ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለመጣል የተጠቀመባቸው፣ ልክ እንዲህ ለአደባባይ የተጋለጡ ሣጥኖች ስለነበሩ ነው። የእህቴን ስልክ ራሱን የዋየርጋርድ አባል አድርጌ 10.10.10.3 የሚል አድራሻ ሰጠሁት፤ ካሜራውን የሚያይ ይህ አድራሻ ብቻ ነው። አሜሪካ ዛሬ ሰዓቷን ስለመለሰች ልዩነታችን ከ7 ወደ 8 ሰዓት ከፍ ብሏል፤ ቁልፉን ለመጫን ስንደዋወል ያገኘኋት ገና ከእንቅልፏ ስትነሣ ነው።

የራውተሩንም የሰርቨሩንም ቅንብር ወደ ፋይል አውጥቼ አንድ ቅጂ በወረቀት አተምኩና ከቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጠፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። በመዝገቡ እንዳየሁት ራውተሩ ተነሥቶ ሰዓቱን አስተካከለ፤ መተዋወቂያውም በሁለተኛው ደቂቃ ተሳክቷል። ማታ ከእህቴ የመጣው መልእክት «ዛሬ ጠዋት ትንሽ ቆይቶ ከፈተ» የሚል ብቻ ነው።